የክረምት ንባብ፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ሰኔ ላይ መጽሐፍ ሳይዙ ትምህርት ቤት መዝጋት ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ክሊራንስ ሲያስሞሉ የተዋሱትን ያስመልሳሉ። ካርድ ከመቀበላችሁ በፊት ለክረምት ያውሱ እንደሆነ ጠይቁ። በተለይ ባሕር ዳር ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ፣ ዘጌ ወይም ፎገራ ከገባችሁ በኋላ መጽሐፍ ፍለጋ መመለስ ይከብዳችኋል።

ሁለተኛው ያለውን ቀን አብዝቶ መቁጠር ነው። ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜን 5 ያለው 65 ቀን ነው። የሩዝና የዳጉሳ አረም አለ፤ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታ አለ። ለንባብ 40 ቀን ከተረፈ ጥሩ ነው። በቀን 15 ገጽ 600 ገጽ ይሆናል፤ ከ500 ገጽ በላይ ያለው «ፍቅር እስከ መቃብር» በዚህ ያልቃል። ነሐሴ 26 የጀመረ ግን በቀን ከ50 ገጽ በላይ ይጠብቀዋል። ማታ አነባለሁ ብላችሁም አትተማመኑ፤ ዝናቡ ሲበረታ መብራት ይጠፋል። ጠዋት ይሻላል።

መጽሐፍን በውፍረቱ መገመትም ያሳስታል። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም ሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ስስ ነው፤ አማርኛው ግን የዱሮ ስለሆነ ቶሎ አይነበብም። በቀን ከ5 ገጽ አትለፉ። እንግሊዝኛ ከሆነ አንድ ገጽ ሞክሩ፤ የማታውቁት ቃል ከ5 ከበለጠ ቀለል ያለ ምረጡ። በየቃሉ መዝገበ ቃላት መግለጥ ታሪኩን ያስረሳል፤ በእርሳስ አስምራችሁ እለፉና ምዕራፉ ሲያልቅ ደጋግሞ የመጣውን ብቻ ፈልጉ።

ከሁሉም የሚጎዳው ከቴሌግራም የተገኘ ማጠቃለያ ገልብጦ መስጠት ነው። መምህሩ በአንድ ጥያቄ ይደርስበታል፤ ማጠቃለያ ማን ምን እንዳደረገ እንጂ ለምን እንዳደረገ አይነግራችሁምና። ከዚያ የባሰው ደግሞ ረጅም ጽሑፍ የማንበብ አቅማችሁ ሳይዳብር መቅረቱ ነው፤ 12ኛ ክፍል ፈተና ላይ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው።

መድኃኒቱ አንድ ደብተር ነው። ከኋላ ገጸ ባሕርያትን ከነዝምድናቸው መዝግቡ፤ ለምሳሌ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር»፦ «ሰብለወንጌል፦ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ፣ የበዛብህ ተማሪ።» ከፊት ደግሞ ባነበባችሁ ቁጥር ቀኑን፣ ገጹን፣ በራሳችሁ ቃል ሦስት ዓረፍተ ነገርና አንድ ጥያቄ ጻፉ። «ታሪኩ አስተማሪ ነው» የሚል ማስታወሻ አይረባም። «ፊታውራሪ ልጃቸውን ለጋብቻ የጠየቀውን ሁሉ እንቢ ብለው የሚመልሱት ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ግን መስከረም ላይ ድርሰት ይወጣዋል። ደብተሩንም መጽሐፉንም ውሃ በማያስገባ ቦርሳ ያዙ፤ እርጥበት የገባው መጽሐፍ ይጣበቃል፣ ተውሳችሁት ከሆነ ደግሞ ትከፍሉበታላችሁ።

ወላጆችም ይሳሳታሉ፤ ጠዋት ማጠናከሪያ፣ ከሰዓት ኮምፒውተር፣ ማታ የቤት ሥራ ይደራርባሉ። ልጁ መጽሐፍ ይዞ ሲቀመጥ ሥራ እንደፈታ ቆጥራችሁ አታስነሱት። በቀን አንድ ሰዓት ተዉለት፤ እራት ላይም የት እንደደረሰ ጠይቁት።