ቫይታሚን ኢ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቢጫዋን ለስላሳ እንክብል ብዙዎቻችን እናውቃታለን። ብርሃን ላይ ሲይዟት ታሳያለች። በመርፌ ሲወጓት ወፈር ያለ ዘይት ጠብ ይላል። አንዷ ፊቷን ትቀባባታለች፣ ሌላው ለልቤ ጥሩ ነው ብሎ ይውጣታል፣ ልጅ ለመውለድ ይረዳል የተባሉም አሉ። ቫይታሚኑ ያለ እሱ መኖር የማንችለው ነገር ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ መጠኑን ሳያዩ፣ ማንንም ሳይጠይቁ በየቀኑ መዋጡ ነው።

«ቫይታሚን አይደል? ቢበዛ ምን ያደርጋል?»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። እንደ ቫይታሚን ሲ ያሉት በውሃ የሚሟሙ ስለሆኑ ትርፋቸው በሽንት ይወጣል። ቫይታሚን ኢ ግን የሚሟሟው በስብ ነው። ስለዚህ ሰውነታችን ስብ ውስጥ ይከማቻል።

ቁጥሩን እንይ። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 15 ሚሊግራም ነው፤ ለምታጠባ እናት 19። በብዛት የሚገኘው እንክብል ደግሞ 400 አይ ዩ (ዓለም አቀፍ የቫይታሚን መለኪያ) ይላል። ከተፈጥሮ የተገኘው ዓይነት ከሆነ 268 ሚሊግራም ገደማ ማለት ነው። የቀኑን ፍላጎት ወደ 18 እጥፍ በአንድ ጉርሻ!

ሲበዛ ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን የቫይታሚን ኬን ሥራ ያውካል። ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አስፕሪን ለሚወስድም እንዲሁ። ድድ ይደማል፣ ይነስራል፣ ሳይመቱ ቆዳ ይበልዛል። የከፋው የአንጎል ውስጥ መድማት ነው። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ሰዎች፣ እባካችሁ፣ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትጀምሩት። ቀዶ ሕክምና የተቀጠረላችሁም ቫይታሚን ኢ እንደምትወስዱ አስቀድማችሁ ንገሩ። ሐኪሙ «መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ሲል ብዙ ሰው ቫይታሚንን ከመድኃኒት አይቆጥረውምና «አልወስድም» ይላል።

«ፀረ-ኦክሲዳንት ስለሆነ ከልብ ሕመምና ከካንሰር ያድናል»

ይህን ያሰበ ሰው አይፈረድበትም፤ ሐሳቡ ምክንያት አለው። ዘይት ክፍት ሆኖ ሲቆይ ሽታውና ጣዕሙ ይለወጣል። የሴሎቻችን ሽፋንም ከስብ የተሠራ ስለሆነ ተመሳሳይ ጉዳት ይደርስበታል። ፍሪ ራዲካል የሚባለው ያልተረጋጋ ሞለኪውል አንዱን የስብ ሞለኪውል ያበላሻል፣ ያም ጎረቤቱን ያበላሻል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ቫይታሚን ኢ እዚያው ሽፋኑ ውስጥ ተቀምጦ ሰንሰለቱን ይበጥሳል፤ ፀረ-ኦክሲዳንት የሚባለውም ለዚህ ነው። እሱ ራሱ ሲዳከም ደግሞ ቫይታሚን ሲ መልሶ ያድሰዋል። ደስ የሚል አሠራር ነው።

ታዲያ እንክብሉን መጨመር ጥበቃውን ይጨምራል? ተሞክሯል። ለልብ ሕመም የተጋለጡ ከ9,000 በላይ ሰዎች በቀን 400 አይ ዩ ለዓመታት ወስደውት ወይም ባዶ እንክብል ተሰጥቷቸው ሲነጻጸሩ፣ በ2000 የወጣው ውጤት ልዩነት አላሳየም። የፕሮስቴት ካንሰርን ይከላከል እንደሆነ ለማየት ደግሞ ከ35,000 በላይ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ተደረገ። በ2011 የወጣው ውጤት ተቃራኒው ሆነ፦ ቫይታሚን ኢ ብቻውን በወሰዱት ላይ ካንሰሩ በ17 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ካንሰር ፈርቶ ለሚውጠው ሰው ይህ ሊነገረው ይገባል።

ሐኪም አስቦበት በከፍተኛ መጠን የሚያዝባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ አንዳንድ የጉበት ስብ ሕመምተኞች። ያ ግን በክትትል የሚሰጥ ሕክምና ነው።

«ልጅ ለማግኘት ይረዳል»

ወሬው ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። በ1922 ኸርበርት ኢቫንስና ካትሪን ቢሾፕ ይህን ንጥረ ነገር ያገኙት በአይጦች ላይ ነበር፤ ከምግባቸው ሲጎድል ፅንሳቸው አልዘልቅ አለ። ቶኮፌሮል የሚለው ስሙም ከግሪክኛ «መውለድ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። አይጥ ላይ እጥረትን መሙላት ግን እጥረት የሌለባትን ሴት እንድትፀንስ ማድረግ አይደለም። መውለድ ያስቸገራቸው ጥንዶች በእንክብል ዓመት ከሚያቃጥሉ ሁለቱም ይመርመሩ።

በባዶ ሆድ መዋጥ

አጭር ነው፦ ያለ ስብና ያለ ሐሞት አይዋጥም፤ ማለቴ አንጀት አይወስደውም። ከምግብ ጋር ይሁን። የሐሞት፣ የቆሽት ወይም የአንጀት ሕመም ያለባቸው ሰዎች እጥረት የሚይዛቸውም ለዚሁ ነው። እግር መደንዘዝ፣ ሲራመዱ ሚዛን መሳት፣ የዓይን መድከም ምልክቶቹ ናቸው። ጤነኛ ሰው ላይ እጥረቱ ብዙም አይታይም። አንድ እፍኝ የሱፍ ፍሬ ወይም አልሞንድ የቀኑን ግማሽ ገደማ ይሸፍናል።

እሽጉ ላይ ያለውን ሳያነቡ መግዛት

«ዲ-አልፋ» ከተፈጥሮ የተገኘው ነው፤ «ዲኤል-አልፋ» በፋብሪካ የተሠራው። በአንድ ፊደል ልዩነት ሥራው ይለያያል። ጉበታችን ከፋብሪካው ዓይነት ግማሽ ያህሉን መርጦ ስለሚያስወግድ 400 አይ ዩ የሚለው 180 ሚሊግራም ያህል ብቻ ይቆጠራል።

እንክብሉን ወግቶ ጠባሳ ላይ መቀባት

ብዙ ሰው የሚምለው በዚህኛው ነው። በ1999 የወጣ ትንሽ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ የቀረ ጠባሳን ግማሹን በቫይታሚን ኢ፣ ግማሹን ያለ እሱ እየቀባ አነጻጽሮ ነበር። ከ10ሩ በ9ኙ ወይ ለውጥ የለም፣ ወይ ብሷል። ከተሳታፊዎቹ ሲሶው ደግሞ ቆዳቸው ተቆጥቶ አሳከካቸው። ቀብታችሁ ቆዳችሁ ከቀላ ወይም ሽፍታ ከወጣ «እየሠራ ነው» ብላችሁ አትታገሡ። እጠቡት፤ አቁሙት።