ጊታን ከ12ኛው ምዕራፍ ጀምሩት

የሂንዱዎችን ቅዱስ መጽሐፍ ባጋቫድ ጊታን ገና ለሚጀምር ሰው ምዕራፍ 1ን አልመክርም። እዚያ የሚቀበላችሁ የኩሩክሼትራ ጦር ሜዳና የተዋጊዎች ስም ነው፤ ብዙ ሰው እዚያው ተሰላችቶ ይዘጋዋል። መጽሐፉ 18 ምዕራፍና 700 ስንኝ አለው። እኔ የማስጀምረው ከ12ኛው ነው፦ 20 ስንኝ ብቻ ስለሆነ በአንድ ቁጭታ ያልቃል፤ የሚናገረውም ስለ ባክቲ፣ አምላክን በፍቅር ስለማገልገል ነው።

ከዚያ 9፥26ን አውጡ። በጊታ የሚናገረው አምላክ ክሪሽና፣ ቅጠልም ይሁን አበባ፣ ፍሬም ይሁን ውሃ በፍቅር ከቀረበልኝ እቀበላለሁ ይላል። ቀጥሎ 18፥66፦ ሌላውን ሁሉ ትተህ እኔን ብቻ ተጠጋ። እነዚህን ይዛችሁ ወደ ምዕራፍ 1 ብትመለሱ ክሪሽና የሚያስተምረው ተዋጊ አርጁና ጭንቀቱ ወዴት እንደሚያመራ ታውቁታላችሁ። (የፈላስፋው የሻንካራ ተከታዮች ከባክቲ እውቀት ይቀድማል ብለው ይሞግታሉ። እኔ ባክቲን ከሚያስቀድመው መምህር ከራማኑጃ ወገን ነኝ።)

ፍቅሩ ንጹሕ የሚሆነው መቼ ነው ለሚለው ግን የባጋቫታ ፑራናን (በክሪሽና አምሳል ስለተገለጠው አምላክ ስለ ቪሽኑ የሚተርክ ሌላ የሂንዱ ቅዱስ ጽሑፍ) 7ኛ መጽሐፍ አንብቡ። ፕራህላዳ ቪሽኑን ስላመለከ የገዛ አባቱ ሊገድለው የሞከረ ልጅ ነው። ናራሲምሃ (ግማሽ ሰው ግማሽ አንበሳ ሆኖ የተገለጠው ቪሽኑ) አባትየውን ገድሎ ልጁን የፈለግከውን ጠይቅ ሲለው፣ ከጌታው ዋጋ የሚጠብቅ ሰው ነጋዴ እንጂ አገልጋይ አይደለም ብሎ ይመልስለታል። የግድ ልስጥህ ካልክ፣ በልቤ ምኞት እንዳይበቅል አድርግልኝ ይለዋል። ኋላ ደግሞ ለዚያው አባቱ ምሕረት ይለምናል! እዚህ ላይ መጽሐፉን አስቀምጡና የራሳችሁን ጸሎት መርምሩ፦ የትኛው ልመናችሁ ባይሰማ መጸለዩን ትተዉ ነበር? መልሱ ቢያሳፍርም አትደንግጡ፤ ጊታ 7፥16 የተጨነቀውንም ሀብት ፈላጊውንም ከአምላኪዎች ይቆጥራል።

ይኸው ልጅ ዘጠኝ የባክቲ መንገዶችን ይዘረዝራል፤ መስማት፣ መዘመርና ማስታወስ ቀዳሚዎቹ ናቸው። ሁሉንም ባንዴ አትጀምሩ። የአምላክን ስም መጥራቱ ለጀማሪ ይቀላል። 108 ፍሬ ያለውን መቁጠሪያ በቀኝ እጃችሁ ያዙ፤ በመሀል ጣትና በአውራ ጣት አንድ ፍሬ ጨብጣችሁ ስሙን ጥሩ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ጠቋሚ ጣት አይነካውም። ትልቁ ፍሬ ላይ ስትደርሱ አትሻገሩት፤ መቁጠሪያውን አዙራችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ። ቁጥር ለመሙላት መጣደፍ ከጀመራችሁ፣ እያንዳንዱ ስም ለራሳችሁ ጆሮ ጥርት ብሎ እስኪሰማ ቀስ በሉ።