አንዷ ባትሪ ሁሉንም እንዳታሳማ

በእርሳስ-አሲድ ባትሪዎች የሚሠራው የአትክልት ትራክተራችሁ ቻርጅ ሞልቶ ሳለ ትንሽ ሣር አጭዶ ከደከመ፣ ባትሪዎቹን በሙሉ ለመቀየር አትቸኩሉ። የተያያዙት በተከታታይ (የአንዷ ፖዘቲቭ ከቀጣይዋ ኔጋቲቭ ጋር) ስለሆነ አንዷ ስትደክም ሁሉም ያለቁ ይመስላሉ።

መጀመሪያ ፖሎቹን፣ ማለትም ገመዶቹ የሚታሰሩባቸውን የባትሪ ጫፎች፣ እዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ፣ ወይም ከሥራ በኋላ አንዱ ማያያዣ ከሌሎቹ ለይቶ የሚግል ከሆነ፣ ችግሩ ባትሪው ሳይሆን እዚያው ሊሆን ይችላል። አጽዱና አጥብቁ።

ቀጥሎ ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ አሳድሯቸው፤ ጠዋት እያንዳንዷን ለብቻዋ በቮልት መለኪያ ለኩ። ጤነኛ ባለ 6 ቮልት ባትሪ 6.3 አካባቢ፣ ባለ 12 ቮልት ደግሞ 12.6 አካባቢ ታሳያለች። ይህ ብቻውን ግን ያሳስታል፤ ቁጭ ብላ ደህና የምትመስል ባትሪ ሥራ ላይ ትወድቃለች። ስለዚህ ትራክተሩን እስኪደክም አሠርታችሁ እንዳቆማችሁ ወዲያው ልኬቱን ድገሙት። ከጓደኞቿ በግልጽ የወረደችው ችግረኛዋ እሷ ናት። ክዳኗ የሚከፈት ከሆነ በሃይድሮሜትር (የባትሪውን አሲድ እፍጋት በሚለካ መሣሪያ) አረጋግጡ፦ ቻርጅ ሞልቶ አንዱ ሴል (የባትሪው ክፍል) 1.265፣ ሌላው 1.200 ካለ ዝቅ ያለው ሴል አይታመንም።

ውሃው ጎድሎ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ከታዩ እስኪሸፈኑ ብቻ የተጣራ የባትሪ ውሃ ጨምሩ፤ የቀረውን ከቻርጅ በኋላ ሙሉት፣ አለዚያ ይገነፍላል። አሲድ በፍጹም አትጨምሩ።

የተቀሩት ገና አዲስ ከሆኑ አንዷን መቀየር ያዋጣል። ሁሉም ካረጁ ግን እኔ በአንድ ላይ መቀየሩን እመርጣለሁ፤ አሮጌዎቹ አዲሷንም ያደክሟታል።

እባካችሁ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ የዓይን መከላከያ አድርጉ፤ ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል።