የሬዚን ድንጋይ አልደርቅ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ሐምሌ ሲገባ ስልኬ አያርፍም። «ድንጋዩ አልደርቅ አለኝ» ይላል አንዱ። «ሬዚኑ ፎርጅድ ነው» ይላል ሌላው። እዚሁ ጎንደር ከአዘዞም ይደወላል፣ ከማራኪም ይደወላል። ሄጄ ሳየው ግን ሬዚኑ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ጥፋቱ ያለው የዱቄቱ ጆንያ ውስጥ ነው።

ይህን የምጽፈው ፖሊስተር ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) ከእብነበረድ ዱቄትና ከአሸዋ ጋር እየቀላቀሉ የግድግዳ ድንጋይ ለሚያወጡ ሰዎች ነው። ፎርማ (ቅልቅሉ የሚፈስበትን ቅርጽ) ማጽዳትና መቀባት፣ ቅልቅሉን ማንቀጥቀጥ ታውቃላችሁ ብዬ እጀምራለሁ።

የሚያጣብቅ ድንጋይ

መጀመሪያ የሚያጣብቀው የት እንደሆነ ለዩ። ፊቱ ጠንክሮ ጀርባው ብቻ ጣት የሚይዝ ከሆነ አትደንግጡ። ፖሊስተር አየር በሚነካው ገጹ ላይ በደንብ አይደርቅም፣ ኦክስጅን ያግደዋል። እንደፈሰሰ ላስቲክ አልብሱት፣ ወይም ሰም ያለበት ማሟያ ሬዚኑ ውስጥ ጨምሩ። ግን እያጣበቀ ግድግዳ ላይ እንዳትለጥፉት፣ ማጣበቂያው አይዘውም። በአሴቶን ጠርጋችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት።

ነገሩ የሚከፋው ፊቱም ጀርባውም ለስላሳ ሆኖ ጥፍር ሲገባበት ነው። ከተጠራጠራችሁ ጥጥ አሴቶን ውስጥ ነክራችሁ ፊቱ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል አሳርፉ። የደረቀ ድንጋይ ምንም አይሆንም። ያልደረቀው ይለሰልስና ጣት ይይዛል። አፍንጫችሁም ይነግራችኋል፦ ከሳምንት በኋላ የሬዚኑ ሽታ አሁንም ኃይለኛ ከሆነ ውስጡ ገና ነው።

እርጥብ ዱቄት

ጎንደር ላይ ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው። እርጥብ ዱቄት በዓይን አይታወቅም። ነጭ ነው፣ ይቦንናል፣ እጅ ላይ ደረቅ ይመስላል። ውሃው ግን ውስጡ አለ። ውሃ ደግሞ የሬዚኑን አደራረቅ ያዘገያል፣ አደራረቁን የሚያፋጥነውን ኮባልት ያዳክማል፣ ሬዚኑ ዱቄቱንና አሸዋውን እንዳይጨብጥ ያደርጋል።

ፒያሳ አካባቢ ለአንድ ካፌ ፊት ግንብ የሚመስል ድንጋይ ሲሠራ የሆነውን ልንገራችሁ። ዱቄቱ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ መጣ። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ያውም በነሐሴ ዝናብ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ። ሸራው አንድ ጥግ ላይ ተቀዶ ነበር። ጆንያዎቹ ሲደርሱ ላያቸው ደርቋል፣ ስለዚህ ማንም ልብ አላለም። በባዶ ሲሚንቶ ወለል ላይ ተደረደሩ። ከላይ ካሉት ጆንያዎች የወጣው ድንጋይ አማረ። ወደ ታች እየተወረደ ሲሄድ ድንጋዩ ለስላሳ ሆነ።

እዚህ ላይ ነው ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ስህተት የሚሠራው። የወርክሾፑ ልጆች ካታሊስት፣ ማለትም ሬዚኑን የሚያደርቀውን ፈሳሽ፣ ጨመሩ። አልደረቀም። አሁንም ጨመሩ። በመጨረሻ ድንጋዩ ቢጫ ሆነ፣ ተሰነጠቀ፣ መሀሉ ግን እንደለሰለሰ ቀረ። «ጋሼ፣ ሬዚኑን ይመልሱልንና ሌላ እንግዛ» አለኝ አንደኛው።

አንዱን ድንጋይ ሰብሬ አሳየሁት። ስብራቱ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ጥቃቅን ቀዳዳ ሞልቶታል። የአሸዋው ፍሬ በጥፍር ሲነካ ይወጣል፣ የወጣበት ጉድጓድ ደግሞ ልሙጥና የሚያብረቀርቅ ነው። በደህና ድንጋይ ላይ ስብራቱ ፍሬውን ሰንጥቆ ያልፋል ወይም ሬዚን ፍሬው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ፍሬው ንጹህ ሆኖ ከወጣ ሬዚኑ አልጨበጠውም ማለት ነው። ይህን ስብራት ሁሌም እዩ። ሬዚን ሻጩን ከመክሰሳችሁ በፊት እዩ።

ፈተናው ቀላል ነው። 0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን ግዙ። 100 ግራም ዱቄት ከጆንያው መሀል ውሰዱ፣ ከላይ አይደለም። በብረት ሳህን አድርጋችሁ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ እያማሰላችሁ አንድ ሰዓት አቆዩት። ሳህኑን ከድናችሁ ካቀዘቀዛችሁት በኋላ መዝኑት። ግማሽ ግራም ከጎደለ እኔ ያንን ጆንያ አልነካውም። ሚዛን በእጃችሁ ከሌለ ደግሞ ሁለት ጭብጥ ዱቄት ንጹህ ላስቲክ ውስጥ አስራችሁ ፀሐይ ላይ አኑሩ። ላስቲኩ በውስጡ ካላበ እርጥብ ነው።

መፍትሄው ማድረቅ ነው፣ ሌላ የለም። በበጋ ጥቁር ላስቲክ ላይ በስሱ ዘርግታችሁ ፀሐይ አስመቱት። በክረምት በሰፊ ቆርቆሮ ላይ አምሱት። የምታምሱበት ቦታ ከሬዚኑ ክፍል የራቀ ይሁን፣ በሌላ ግቢ ቢሆን ይመረጣል። ሲደርቅ ክዳኑ በሚገጥም በርሜል ውስጥ ክተቱት። ትኩሱን ከሬዚን ጋር አትቀላቅሉ፣ ባልዲው ውስጥ እያለ ይይዝባችኋል፣ ማለትም ይጠጥራል። እጅ ሲነካው ሙቀት እንዳይሰማው ድረስ ጠብቁ። የወንዝ አሸዋ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ጭቃው እስኪለቅ እጠቡት፣ ከዚያ አድርቁት።

ጆንያ ወለል ላይ አይቀመጥም። ከስሩ የእንጨት ርብራብ ይኑር፣ ከግድግዳውም ይራቅ። የተከፈተ ጆንያ አያድርም። ይህን በተናገርኩ ቁጥር «እሺ» ይባላል፣ በማግስቱ ስመጣ ጆንያው አፉን ከፍቶ መስኮት ስር ቁጭ ብሏል። ዝናብ በሚያስገባ መስኮት ስር!

በእርጥብ ዱቄት የተሠራ ድንጋይ ይድናል ወይ? አይድንም። ፀሐይ ላይ ማስጣት የላዩን ያደርቀዋል እንጂ ያልተጨበጠውን ፍሬ አያስጨብጥም። ለደንበኛ እንዳትሰጡት።

የሌሊት ብርድ

ከክረምት ቀጥሎ የሚያስቸግረው ታኅሣሥ ነው። ዱቄቱ ደርቋል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ግን ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ለጥምቀት የሚደርስ ሥራ ይበዛል፣ ስለዚህ ማታ ማታ ይፈስሳል። ከ15 ዲግሪ በታች ፖሊስተር በጣም ይዘገያል፣ አንዳንዴም መሀል መንገድ ላይ ይቆምና በኋላ ቢሞቅም በቂ ጥንካሬ አያገኝም። 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ስስ ድንጋይ ደግሞ የራሱን ሙቀት አይዝም። ዱቄቱና ፎርማው ይጠጡበታል።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት አፍስሱ። ፎርማውን ቀድማችሁ ፀሐይ አስነኩት። የሬዚን ጀሪካኑን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙት፣ ክዳኑ እንደተዘጋ። በብርድ ምክንያት ብቻ የለሰለሰ ድንጋይ የመዳን ዕድል አለው። ቀጥ ያለ ነገር ላይ አስተኝታችሁ በጥቁር ላስቲክ ሸፍኑና የቀን ፀሐይ ለተከታታይ ቀናት ይምታው።

ክፍሉን ለማሞቅ ከሰል እንዳታስገቡ። በምንም ምክንያት። ሬዚኑ ውስጥ ያለው ስታይሪን ይተናል፣ ትነቱ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ይሄድና ከሰሉ ጋ ይደርሳል። 31 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ትነቱ እሳት ለመያዝ ይበቃል። በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ በራሱም ይገድላል። በረንዳ ላይ ያቀጣጠሉትን ምድጃ «አሁን ጭስ የለውም» ብለው ሲያስገቡ ደርሼ አስወጥቻለሁ። ጭስ አለመኖሩ ምንም ማለት አይደለም።

ካታሊስት በክዳን መለካት

ካታሊስት የሚሰላው በሬዚኑ ክብደት ነው፣ በቅልቅሉ አይደለም። 10 ኪሎ ቅልቅል ውስጥ 3 ኪሎ ሬዚን ካለ፣ 1.5 ከመቶ ማለት 45 ግራም ነው፣ ወደ 40 ሚሊ ሊትር። በ10 ኪሎው ያሰላ ሰው 150 ግራም ይጨምራል። ያ 5 ከመቶ ነው፣ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል፣ ቢጫ ያደርገዋል። ከ1 ከመቶ በታች ደግሞ በደንብ ላይደርቅ ይችላል። በክዳን አትለኩ። የክዳን መጠን ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል። ስሪንጅ ከፋርማሲ በርካሽ ይገኛል።

ኮባልትና ካታሊስትን ለብቻቸው አታገናኙ። ይፈነዳል። መጀመሪያ ኮባልቱ ሬዚኑ ውስጥ ገብቶ በደንብ ይታሽ፣ ካታሊስቱ መጨረሻ ላይ ይግባ። ሬዚኑ ሮዝ ወይም ወይን ጠጅ ያለ መልክ ካለው ኮባልት ቀድሞ የገባበት ሊሆን ስለሚችል ሻጩን ጠይቁ።

ካታሊስት በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጥም! መልኩ ውሃ ነው። ወርክሾፕ ውስጥ ውሃ የጠማው ልጅ አለ፣ ምሳ የሚያመጣ ሕፃን አለ። በመጣበት ዕቃ፣ በጥላ፣ ከኮባልቱ ተለይቶ ይቀመጥ። ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል። መነጽር አድርጉ። ከተረጨ ወዲያውኑ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹህ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። የተረፈ ቅልቅልም ባልዲ ውስጥ ተከምሮ አይጣል፣ ሲይዝ ይግላል፣ ቆሻሻውን ሊያቀጣጥል ይችላል።

ቅልቅሉ ሳይፈስ መወፈር

ካታሊስት ሳይገባ ቅልቅሉ እየወፈረ ከሄደ የገዛችሁት የእብነበረድ ዱቄት ኖራ ያለበት ሊሆን ይችላል። ኖራ ከፖሊስተሩ ጋር ይያያዝና ያወፍረዋል። ነጭ ዱቄት ሁሉ አንድ ነው የሚል ሻጭ ጋ አትሂዱ። ጀሶም አይሆንም። የግድግዳ ጀሶ ውሃ ከአየር ይስባል፣ ውሃ ነክቶት የጠነከረው ጀሶ ደግሞ ውስጡ ውሃ ታስሮበታል። ሲሚንቶም እንደዚሁ አይግባበት።

የሚጣመም ድንጋይ

ፖሊስተር ሲደርቅ ይኮማተራል። ጀርባው ላይ ሬዚን በዝቶ ፎርማው ስር ባለው ፊቱ ላይ አሸዋ ከተከማቸ ሁለቱ ወገን እኩል አይኮማተርም፣ ድንጋዩ ይጎብጣል። ቅልቅሉ በክብደት ከ25 እስከ 30 ከመቶ ሬዚን ይሁን፣ ከዚያ በላይ አታቅጥኑት። ረጅም ጊዜ ማንቀጥቀጥ አሸዋውን ወደ ታች ያወርደዋል፣ አረፋ መውጣቱን ሲያቆም አቁሙ። ሞቅ እንዳለ አታውጡት። ካወጣችሁም ግድግዳ ላይ አታስደግፉት።

አረፋና የቫኪዩም ጌጅ

አረፋ ለማውጣት ቫኪዩም ፓምፕ (አየር የሚመጥ ፓምፕ) የገዙ ሰዎች «ጌጁ (የግፊት መለኪያው) አልሞላ አለ» እያሉ ፓምፕ ያስቀይራሉ። ፓምፑ ደህና ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው አራት አምስተኛ አይሞላም። ጌጁ እዚህ ከ0.78 ባር አካባቢ አያልፍም። ቅልቅሉን ቫኪዩም ውስጥ ብዙ አታቆዩት፣ ስታይሪኑ ራሱ መፍላት ይጀምራል፣ እሱን አረፋ ነው ብላችሁ ትጠብቃላችሁ።

የተሸበሸበ ፊት፦ ጄልኮቱ (ፎርማው ላይ መጀመሪያ የሚቀባው የፊት ሽፋን) ስስ ነበር ወይም ሳይዝ ከላዩ ፈሰሰበት። ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ቀቡ፣ ጣት ሲነካው ቀለሙ ጣት ላይ እስከማይቀር ጠብቁ።

ከፎርማ አልወጣ ማለት፦ የሲሊኮን ፎርማው አርጅቷል። ስታይሪን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ቢጫ መሆንና ቀለም መለያየት

ለውጭ ግድግዳ ኦርቶ ከሚባለው የፖሊስተር ዓይነት ይልቅ አይሶ የሚባለውን ሬዚን ጠይቁ፣ የፀሐይ መከላከያ ያለው ጄልኮት ጨምሩበት። የጎንደር ፀሐይ ከፍታው ስላለ ጠንካራ ነው። ቀለሙ የብረት ኦክሳይድ ይሁን፣ ሌላው ሊለቅ ይችላል። ፋሲል ግንብን እንዲመስል የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ አንድ ቡናማ ቀለም አትጠቀሙ። ወደ ግንቡ ሄዳችሁ ግድግዳውን በቅርብ እዩት። ባዛልቱ ጥቁር ግራጫም፣ ቡናማም፣ አልፎ አልፎ ቀላ ያለም ነው፣ በመሀል ያለው ኖራ ደግሞ ነጭ ሆኖ አልቀረም። ሦስት ወይም አራት ቀለም አዘጋጁና ለሙሉ ሥራው የሚበቃውን ዱቄት በአንድ ጊዜ አቅልሙት። በየቀኑ የሚቀላቀል ቀለም በየቀኑ ይለያያል።

ስትለጥፉ በድንጋዮቹ መሀል ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ተዉ። ሬዚን በሙቀት ከእውነተኛ ድንጋይ ይበልጥ ይለጠጣል፣ ካልተተወለት ይገፋፋና ይረግፋል። ደረጃ ላይ፣ ኩሽና ውስጥ፣ የመውጫ በር አጠገብ ልጥፉልኝ የሚል ደንበኛ ቢመጣ እምቢ በሉ። ፖሊስተር ሲነድ ጥቁር ወፍራም ጭስ አለው፣ ሰው በሚሸሽበት መንገድ ላይ መኖር የለበትም። ስትቆርጡም በውሃ ቁረጡ፣ ማስክ አድርጉ። የኳርትዝ አሸዋ አቧራ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም፣ በግራይንደር በደረቁ የሚቆርጡ ወጣቶች አፋቸውን በሻርፕ ብቻ ሸፍነው ሳይ ሥራውን አስቆማለሁ። ሻርፕ አቧራውን አያስቀረውም፣ ትክክለኛ የአቧራ ማስክ ግዙላቸው።