ስኪዞፍሬኒያና የሰውነት መከላከያ፦ ልንርቃቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስኪዞፍሬኒያ የአእምሮ ሕመም ነው፤ ጉዳቱ ግን አእምሮ ላይ ብቻ አያበቃም። የታማሚዎች ደም ሲመረመር የሰውነት መከላከያቸውም እንደ ሌላው ሰው እንደማይሠራ በተደጋጋሚ ታይቷል። ይህን የሰማ ቤተሰብ ግራ ይጋባል፤ ግራ ሲጋባም ታማሚውን ለአደጋ የሚያጋልጥ ነገር ሊያደርግ ይችላል።

የመጀመሪያው ስህተት "መከላከያው ደክሟል" ብሎ መደምደም ነው። ብግነት (መከላከያው ሲቆጣ የሚፈጠር የሰውነት ምላሽ) የሚቀሰቅሱ እንደ ኢንተርሉኪን 6 ያሉ ንጥረ ነገሮች፣ በተለይ ሕመሙ ሲነሳ፣ በአማካይ ከፍ ብለው ይገኛሉ። በሌላ በኩል የሳምባ ምችን የመሰለ ኢንፌክሽን ታማሚዎቹን ከሌላው ሰው ይበልጥ ያጠቃቸዋል። አንዱ ወገን ያለ ልክ ሲሠራ ሌላው ይሰንፋል። ስለዚህ "በሽታ የመከላከል አቅም ያጠናክራል" ተብሎ የሚሸጥ እንክብል መፍትሔ አይሆንም።

በደም ውጤት መፍረድም ስህተት ነው። ስኪዞፍሬኒያን የሚለይ የደም ምርመራ እስካሁን የለም። የብግነት መለኪያ የሆነውን ሲአርፒን ውፍረትም፣ ሲጋራም፣ ሌላ ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርገዋል።

እናትን መውቀስ። ይሄኛው ያመኛል። በእርግዝና ወቅት የያዘ ኢንፌክሽን የልጁን ተጋላጭነት በመጠኑ ሊጨምር እንደሚችል የጠቆሙ ጥናቶች አሉ። ነገር ግን በእርግዝናቸው ወቅት ከታመሙ እናቶች የሚወለዱ አብዛኞቹ ልጆች ይህ ሕመም አይይዛቸውም። ዘርም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ትልቅ የዘረመል ጥናት ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 108 ቦታዎችን ለየ፤ ከሁሉም ጎልቶ የታየው የመከላከያ ጂኖች የተሰበሰቡበት የክሮሞሶም 6 ክፍል ነው። ይህንን ማንም እናት መርጣ አልሰጠችም።

"ችግሩ ብግነት ከሆነ አስፕሪን ይበቃዋል" የሚልም አይጠፋም። አስፕሪንም ሆነ ሚኖሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ የተሞከሩት ከመደበኛው መድኃኒት ጋር ተጨምረው ነው፤ ውጤታቸውም ወጥ አይደለም። በእነሱ ተማምኖ ዋናውን መድኃኒት ማቋረጥ ሕመሙን መጥራት ነው።

ከሁሉም የምፈራው ግን ትኩሳትን ችላ ማለትን ነው። ክሎዛፒን ሌሎች መድኃኒቶች ላልሠሩላቸው ታማሚዎች የሚሰጥ ብርቱ መድኃኒት ነው። ከ100 ሰው ወደ አንድ በሚጠጋው ላይ ነጭ የደም ሴሎችን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳል፤ ይህም የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። በነዚያ ወራት ደም በየሳምንቱ የሚመረመረው ለዚህ ነው። ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከጀመረው በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ ነጭ የደም ሴሉም ይቆጠር። ሌላም ነገር አለ። ከባድ ኢንፌክሽን ሲይዘው ጉበቱ መድኃኒቱን ቶሎ ማስወገድ ያቅተውና በደሙ ውስጥ ይጠራቀማል። ሰውየው ይደነዝዛል፣ ምራቁ ይበዛል፣ ይቀባዥራል። ቤተሰቡ "ሕመሙ ተነሳበት" ይላል፤ አንዳንዴ የጤና ባለሙያም እንዲሁ ይላል። የሳምባ ምች ይዞት ሊሆን ይችላል። መጠኑን በራሳችሁ አትቀንሱ፤ ለሐኪሙ ወዲያው ደውሉ።

የአእምሮ መታወክን ሁሉ ስኪዞፍሬኒያ ማለትም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 የነርቭ ሐኪሙ ጆሴፕ ዳልማውና ባልደረቦቹ የሰውነት መከላከያ የአንጎልን ኤንኤምዲኤ ተቀባዮች (በአንጎል ሴሎች ላይ ያሉ መልእክት ተቀባዮችን) የሚያጠቃበትን ሕመም ለይተው ገለጹ። ብዙም የማያጋጥም ሕመም ነው፤ ሲጀምር ግን ስኪዞፍሬኒያን ሊመስል ይችላል። በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ከተባባሰ፣ ሰውየውን እንደ የሚጥል በሽታ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ፊቱ ያለፈቃዱ ከተንቀሳቀሰ የነርቭ ሐኪም ይየው። መከላከያውን በሚያረጋጋ ሕክምና ብዙዎች ይድናሉ።

ክትባትም ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ የኒውዮርክ ጥናት፣ ኮቪድ ከያዛቸው መካከል ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው የመሞት ዕድላቸው የአእምሮ ሕመም ከሌለባቸው ጋር ሲነጻጸር ወደ 2.7 እጥፍ ይጠጋ ነበር። ክትትሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ቢሆንም፣ በቀጣዩ ቀጠሮ ስለ ኢንፍሉዌንዛና ስለ ሳምባ ምች ክትባት ሐኪሙን ጠይቁ።