ስልክ ላይ የለመደ እጅ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ (እና የተገላቢጦሹ)፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአጎቴ ልጅ ስልኩ ላይ የተኩስ ጌም ሲጫወት የሚችለው የለም። ባለፈው ቤት መጥቶ «ኮምፒውተር ላይማ ይቀለኛል፣ ስክሪኑ ትልቅ ነው» አለኝ። ወንበሬን ለቀቅኩለት። ጌሙ ተከፈተ፣ ጠላት መጣ፣ እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ኪቦርዱ ላይ ወደ ፊት የሚያስኬደውን ደብልዩን ይፈልጋል። ሁለት ደቂቃ አልቆየም። እየሳቅኩ ስልኩን ተቀበልኩትና እኔ ደግሞ ሞከርኩ። የሚተኩስብኝን ሰው የገዛ አውራ ጣቴ ሸፈነብኝ። ከየት እንደተመታሁ እንኳ ሳላውቅ ሞትኩ። እሱም በተራው ሳቀብኝ።

ሁለታችንም የሠራነው ጥፋት አንድ ነው፤ ከአንዱ የለመድነውን ይዘን ወደ ሌላው ገባን። ስልክና ኮምፒውተር ላይ ጌም ስንጫወት የምንሠራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ይመጣሉ። ከታች ካሉት ውስጥ ብዙዎቹን እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

«ስሙ አንድ ከሆነ ጌሙም አንድ ነው» ማለት

ፐብጂ ኮምፒውተር ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በ2018 የመጣው ፐብጂ ሞባይል ግን ለብቻው የተሠራ ጌም ነው። ስልክ ላይ ዓመት ሙሉ የሰበሰባችሁት ልብስም ሆነ ደረጃ ኮምፒውተሩ ላይ የለም። የኮምፒውተሩን ከሚጫወት ጓደኛችሁ ጋርም አትገናኙም። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስም እንደዚያው ነው። የ2009ኙ የኮምፒውተር ጌም ሌላ፣ በ2020 ስልክ ላይ የመጣው ዋይልድ ሪፍት ሌላ።

ከሁሉም የሚያምታታው ማይንክራፍት ነው። ኮምፒውተር ላይ ሁለት ዓይነት አለ፤ ጃቫ እና ቤድሮክ። ስልክ ላይ ያለው ቤድሮክ ነው። ስለዚህ ጓደኛችሁ ኮምፒውተሩ ላይ ጃቫውን ከፍቶ ከሆነ፣ እናንተ ስልክ ይዛችሁ ብትፈልጉት አታገኙትም። ዘግቶ ቤድሮኩን ሲከፍት ግን አብራችሁ ትጫወታላችሁ። ከ2022 ወዲህ ዊንዶውስ ላይ ሁለቱ በአንድ ላይ ስለሚሸጡ፣ ብዙ ጊዜ መፍትሔው ሌላውን መክፈት ብቻ ነው። በዚህ ነገር ሲነታረኩ ያመሹ ወንድማማቾች አውቃለሁ።

ጌንሺን ኢምፓክት በ2020 ሲወጣ ደግሞ ከመጀመሪያውም ስልክና ኮምፒውተር በአንድ አካውንት እንዲሠሩ ተደርጎ ነው። ጠዋት ስልክ ላይ ያቆማችሁትን ማታ ኮምፒውተር ላይ ትቀጥላላችሁ። ሮብሎክስም ያው ነው። አሞንግ አስን ስልክ ላይ ማስታወቂያ እያያችሁ በነፃ ትጫወታላችሁ፤ ኮምፒውተር ላይ ይገዛል። ሁለቱ ግን አንድ ጨዋታ ውስጥ መግባት ይችላሉ።

እንግዲህ ከመጀመራችሁ በፊት የምታጣሩት ሁለት ነገር ነው፤ «አካውንቴ ይሻገራል ወይ?» እና «አብረን መጫወት እንችላለን ወይ?» የአንዱ መልስ ለሌላው አይሆንም።

በጌስት ገብቶ ወራት መጫወት

ይሄ የእኔ ቁስል ነው። «ጌስት» የሚለውን ነክቶ መግባት ቀላል ነው። ኢሜይል የለ፣ ፓስወርድ የለ። እንደዚያ ገብቼ አንድ ከተማ የሚገነባበት ጌም ስምንት ወር ተጫወትኩ። ግንቤ ወፍሮ፣ ወታደሮቼ በዝተው፣ ሰው የሚፈራኝ ሆኜ ነበር። ከዚያ ስልኬ ሲያስቸግረኝ ሁሉን አጥፍቼ እንደ አዲስ አስነሳሁት። ጌሙን መልሼ ስጭነው የተቀበለችኝ ጀማሪዎችን የምታስተምረዋ ገጸ ባሕርይ ናት። «እንኳን ደህና መጣህ፣ አዲሱ አለቃ!» ትለኛለች። ለጌሙ ሠሪዎች ጻፍኩ። የጌስት አካውንት የሚታወቀው በስልኩ ላይ ባለው መረጃ ብቻ ስለሆነ ምንም ማድረግ አልቻሉም።

አሁኑኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ከኢሜይላችሁ ወይም ከጉግል አካውንታችሁ ጋር አገናኙት። ነገ ወደ ኮምፒውተር ለመሻገር ብትፈልጉም የሚያሻግራችሁ እሱው ነው።

ስልኩን ሰክቶ፣ ላፕቶፑን ነቅሎ መጫወት

መሆን ያለበት የዚህ ተቃራኒ ነው።

አብዛኛው ስልክ ማራገቢያ የለውም። ሙቀቱን የሚያስወጣው በጀርባውና በጠርዙ ነው። ጌሙ ፕሮሰሰሩን ያግላል፣ ቻርጁ ባትሪውን ያግላል። ሁለቱ ሲደራረቡ ስልኩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ልብ ካላችሁ ይሄ በዓይን ይታያል። የመጀመሪያው ጨዋታ ልስልስ ብሎ ይሄዳል። ሦስተኛው ላይ ስክሪኑ ማንም ሳይነካው ይደበዝዛል። ትንሽ ቆይቶ ዞር ስትሉ ምስሉ ይቆራረጣል። በሰከንድ 60 ምስል ያሳይ የነበረው ስልክ ወደ 30 ወርዷል ማለት ነው። እያንዳንዱ ምስል በ16.7 ሚሊሰከንድ ይመጣ የነበረው አሁን 33.3 ይፈጅበታል። ሲያነቡት ኢምንት ይመስላል፣ ጣት ላይ ግን በደንብ ይታወቃል። ብዙ ሰው ይሄኔ ኔትወርኩን ይራገማል። ኔትወርኩ ምንም አላጠፋም።

ቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉ። ስትጫወቱ ኮቨሩን አውልቁ፣ ብርሃኑንም ዝቅ አድርጉ። ስልካችሁ 60ን እስከ መጨረሻው የማይዘልቀው ከሆነ ፍሬም ሬቱን (በሰከንድ የሚያሳየውን የምስል ብዛት) አንድ ደረጃ ቀንሱት። ወጥ ሆኖ የሚሄድ ዝቅተኛ ቁጥር ከሚዋዥቅ ከፍተኛ ቁጥር ይሻላል። አንዳንድ ስልኮች የቻርጀሩ ኃይል ባትሪውን አልፎ በቀጥታ ስልኩን እንዲያሠራ የሚያደርግ ሴቲንግ አላቸው። የእናንተ ካለው ሰክታችሁ ብትጫወቱ ያን ያህል አይግልም። ስልኩን ለማቀዝቀዝ ፍሪጅ ውስጥ የሚከቱ ሰዎችም አሉ። ተዉ፣ እባካችሁ። ከብርዱ ሲወጣ ውስጡ እርጥበት ይቋጥራል።

ላፕቶፕ ደግሞ ከቻርጀሩ ሲነቀል ባትሪ ለመቆጠብ ፕሮሰሰሩንና ግራፊክስ ካርዱን ያዘገያል። ሙሉ ጉልበቱን የምታገኙት ሲሰካ ነው። አልጋ ላይ ደግሞ አታስቀምጡት፤ አየር የሚስብበት ቀዳዳ ከሥሩ ነው፣ ብርድ ልብሱ ይደፍነዋል።

ኮምፒውተሩ በሙሉ አቅሙ እየሠራ መሆኑን አለማየት

ስልክ ከካርቶኑ ሲወጣ ዝግጁ ነው። ኮምፒውተርም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። 144 ኸርዝ ስክሪን (በሰከንድ 144 ጊዜ ምስል የሚቀይር) ገዝቼ ለጓደኛዬ በኩራት ሳሳየው፣ ማውሱን ግራና ቀኝ ወዝወዝ አደረገና «ይሄማ 60 ነው» አለኝ። ተከራከርኩ። ከፍቶ አሳየኝ። እውነትም ለአራት ወር 60 ላይ ነበር፤ ያውም «ልዩነቱ ይታወቃል» ስል ከርሜ! ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ስትገቡ ቁጥሩን ታገኙታላችሁ።

ሌላው የኬብል ነገር ነው። ለብቻው የተገዛ ግራፊክስ ካርድ ያለው ዴስክቶፕ ከኋላው የስክሪን መሰኪያ ሁለት ቦታ ሊኖረው ይችላል። አንዱ የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ነው፣ ዝቅ ብሎ ያለው ደግሞ የግራፊክስ ካርዱ። ኬብሉን ላይኛው ላይ ሰክታችሁ ከሆነ ያ ውድ ካርድ ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው። ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕም አንዳንዴ ጌሙን በደካማው ይከፍተዋል። ይሄም ዲስፕሌይ ሥር «ግራፊክስ» የሚለው ውስጥ ይስተካከላል።

120 ኸርዝ የሚባል ስልክ የያዛችሁም ሴቲንጉን እዩት። ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ወደ 60 አውርዶት ሊሆን ይችላል። ጌሙ ራሱ ከ60 በላይ የማያሳይ ከሆነ ግን ስልኩን አትውቀሱት።

ግራፊክሱን እስከ ጥግ መጨመር

ስልክ ላይ ይሄ ከንቱ ነው። በዚያች ስክሪን የሣሩን ጥላ ማን ያየዋል? ኮምፒውተር ላይ የሚያምር ነገር ለማየት ከሆነ ጨምሩ፤ ለማሸነፍ ከሆነ መጀመሪያ የሚቀነሰው ሻዶው (ጥላው) ነው።

እጅን ሳያስተምሩ ሴንሲቲቪቲ መቀያየር

ስልክ ላይ ጣቶቻችሁ ኪቦርድም ማውስም ናቸው፤ በዚያ ላይ መጋረጃም ናቸው። በሁለት አውራ ጣት ብቻ ስትጫወቱ እየሮጣችሁ፣ እያነጣጠራችሁ መተኮስ አይመችም፤ ለአንዱ ሌላውን መልቀቅ አለባችሁ። ለዚህ ነው የሚችሉት ልጆች ጣታቸውን እንደ ጥፍር አጥፈው በአራት ጣት የሚጫወቱት። መጀመሪያ ያማል። የተኩሱን ቁልፍ በሴቲንግ ወደ ላይኛው ግራ ጥግ ውሰዱትና በሌባ ጣት ተለማመዱት። ጋይሮ የሚባለውንም አትናቁት፤ ስልኩን ራሱን ዘንበል በማድረግ ማነጣጠር ነው። አንድ ሳምንት ታግሶ የለመደው ሰው ወደ ኋላ ሲመለስ አላየሁም።

ከስልክ ወደ ኮምፒውተር የሚመጣ ሰው ደግሞ ማውሱን እንደ ጣት ያየዋል፤ ትንሽ ሲነካው ብዙ እንዲሄድለት ይፈልጋል። ሴንሲቲቪቲውን ይሰቅለዋል፣ ከዚያ ማነጣጠሪያው እንደ ዓሣ ይንሸራተትበታል። ፕሮፌሽናሎቹ ብዙዎቹ ማውሳቸውን 400 ወይም 800 ዲፒአይ (ማውሱ ሲገፋ ምን ያህል እንደሚሄድ የሚወስን ቁጥር) ላይ አድርገው፣ በእጅ አንጓ ብቻ ሳይሆን በክንዳቸውም ነው የሚያንቀሳቅሱት። ዊንዶውስ ላይ «ኤንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን» የሚለውን አጥፉት። ስሙ ያማልላል፤ ሥራው ግን ማውሱን በፍጥነት ስትገፉት ርቀቱን መጨመር ነው። እንዲህ ሆኖ እጅ ርቀቱን በፍጹም አይለምደውም።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አይነግራችሁም። ፐብጂ ሞባይልና ኮል ኦፍ ዱቲ ሞባይል ማነጣጠሪያውን ቀስ አድርገው ወደ ጠላት የሚስቡ ረዳቶች አሏቸው። ኮምፒውተር ላይ ማውስ ለያዘ ሰው ይሄ እርዳታ በአብዛኛው የለም። የአጎቴ ልጅ በኋላ ላይ «ጥይቱ ይስታል» ብሎ ያማረረው ለዚህ ነው። ጥይቱ ድሮም ይስት ነበር፤ የሚያርመው ነበረ እንጂ።

አንዴ የሚመቻችሁን ካገኛችሁ በኋላ ቁጥሩን አትነካኩ። ሁለት ጨዋታ በተሸነፋችሁ ቁጥር ሴንሲቲቪቲ ከቀየራችሁ እጃችሁ ሁልጊዜ አዲስ ተማሪ ነው።

በኢሙሌተር ሌሎችን ለመብለጥ ማሰብ

«የስልኩን ጌም ኮምፒውተር ላይ ጭኜ፣ በኪቦርድ እጨርሳቸዋለሁ» የሚል ሐሳብ ሁሉም ሰው ይመጣበታል። ጌም ሠሪዎቹም አስበውበታል። ሁለቱም ከላይ የጠቀስኳቸው የስልክ ጌሞች ኢሙሌተር (የስልክን ጌም ኮምፒውተር ላይ የሚያስከፍት ፕሮግራም) የከፈተውን ሰው ለይተው፣ ከእንደ እሱ ዓይነቶቹ ጋር ነው የሚያጋጥሙት። ከአራታችሁ አንዱ በኢሙሌተር ከገባ ሦስቱ የስልክ ተጫዋቾችም እዚያው ይገባሉ። ጓደኞቻችሁን ኪቦርድ ፊት ጣላችኋቸው ማለት ነው። ተደብቆ ለማለፍ መሞከር ደግሞ ባን ያስደርጋል፤ አካውንታችሁ ይታገዳል።

ለመዝናናት ከሆነ ችግር የለውም። በጣም ከተንቀራፈፈባችሁ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ የሚገባበት ሴቲንግ) ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን የሚለው መከፈቱን እዩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እሱ ነው።

ፍጥነትንና ፒንግን አንድ ማድረግ

ኢንተርኔት ፈጣን መሆኑ ትልቅ ፋይል ለማውረድ ይጠቅማል። ጨዋታው ራሱ የሚፈጀው ዳታ ትንሽ ነው። ወሳኙ ፒንግ ነው፤ የእናንተ ትእዛዝ ሰርቨሩ (ጨዋታውን የሚያገናኘው ኮምፒውተር) ጋር ደርሶ እስኪመለስ ያለው ጊዜ። 50 ሚሊሰከንድ አካባቢ ከሆነ ደስ ይላል። ከ150 ሲያልፍ ግድግዳ ጀርባ ከገባችሁ በኋላ ትሞታላችሁ። ቅርብ ያለውን ሰርቨር ምረጡ። ኮምፒውተር ከሆነ ኬብል ሰኩ። ስልክ ከሆነ ዋይፋዩን 5 ጊጋኸርዝ ላይ አድርጉት፤ ሌላው የዋይፋይ ሞገድ፣ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ብሉቱዝም የሚጠቀመው ስለሆነ ይገፋፋሉ።

ብሉቱዝን ካነሳን፣ ገመድ አልባ ኢርፎን ድምፅ ያዘገያል። ብዙዎቹ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ። ለሙዚቃ ምንም አይደለም። የእግር ኮቴ ሰምቶ ለመዞር ግን ረፍዷል። ባለ ገመዱን ከመሳቢያ አውጡት።

«ሞድ» ኤፒኬ እና ክራክ

አጭር ነው፤ አትጫኑ። ያልተወሰነ አልማዝ የሚሰጥ ኤፒኬ (ከመደብሩ ውጭ የሚጫን፣ የተነካካ የስልክ ጌም) በምላሹ የሚወስደው ነገር አለው፤ ብዙ ጊዜ አካውንታችሁን። ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ) የኮምፒውተር ጌም «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ሲላችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁት።

ሳይሞክሩ መግዛት፣ ሳይቆጥሩ መክፈል

ስልክ ላይ ነፃ የሚባለው ጌም ጥቂት በጥቂት ነው የሚወስደው። ጣት ወይም ፊት ስላሳያችሁ ብቻ እንዳይከፈል፣ ለእያንዳንዱ ግዢ ፓስወርድ እንዲጠይቅ አድርጉት። ስልኩን ልጅ የሚነካው ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ።

ኮምፒውተር ላይ ችግሩ ሌላ ነው፤ አንዴ ከፍላችሁ ትገዙታላችሁ፣ ከዚያ ኮምፒውተራችሁ አይችለውም። ከመግዛታችሁ በፊት የሚያስፈልገውን ዝርዝር አንብቡ። «ሚኒመም» የሚለው ጌሙ እንዲከፈት ነው፤ ደስ ብሏችሁ እንድትጫወቱ ከሆነ «ሪኮመንድድ» የሚለውን ተመልከቱ። ስቲም (የኮምፒውተር ጌም መሸጫ) ላይ ገዝታችሁ ካልሆነላችሁ፣ በ14 ቀን ውስጥ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁት ገንዘባችሁን ይመልሳል። ሰዓቱ ግን ጌሙ ክፍት በሆነ ጊዜ ሁሉ ይቆጥራል። ሜኑ ላይ ትታችሁት ስልክ ስትነካኩ ያመሻችሁትንም ጭምር።