ጅቡቲ ለዕረፍት፦ መጀመሪያ ባሕሩ፣ በረሃው በኋላ

ጅቡቲ ልሄድ ነው ስትሉ ሰው ሁሉ የሚጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ «ምን ልታመጡ?» ለእኛ ጅቡቲ ወደብ ናት። ኮንቴይነር፣ ተሳቢ፣ ትራንዚተር፣ ወበቅ። ለዕረፍት ነው ስል ጓደኞቼ ስቀውብኛል። እኔ ግን ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ሦስተኛውንም እያሰብኩ ነው። ኮራል ያለበት ባሕር፣ ከሰው የማይሸሽ ግዙፍ ዓሣ፣ ነጭ የጨው ሐይቅ እና እንፋሎት የሚተፋ በረሃ በአንድ ሳምንት የሚገኝበት ቦታ ለእኛ ከዚህ የቀረበ የለም።

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን ብቻ ያዙልኝ፦ ባሕሩን አስቀድሙ፣ በረሃውን አስከትሉ። ብዙ ሰው ግልባጩን ነው የሚያደርገው። በረሃ ለበረሃ ሲንከራተት ይሰነብትና «አሁን ባሕሩ ላይ ልረፍ» ብሎ ዳይቪንጉን፣ የአየር ጋን አዝሎ ባሕር ውስጥ መጥለቁን፣ መጨረሻ ቀን ላይ ያደርገዋል፣ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ። ይሄ አደገኛ ነው። ውሃ ውስጥ ጠልቃችሁ ስትተነፍሱ በግፊቱ ምክንያት ናይትሮጅን ሰውነታችሁ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ቀስ እያለም ነው መውጣት ያለበት። ቶሎ ከፍታ ቦታ ከወጣችሁ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው ሰውነት ውስጥ አረፋ ይሠራል። ለዚህ ነው አንዴ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ደግሞ 18 ሰዓት ሳይሞላው አውሮፕላን አይሳፈር የሚባለው።

«እኔ በባቡር ነኝ፣ አይመለከተኝም» የሚል አይጠፋም። ይመለከትሃል። አዲስ አበባ ራሷ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በረራ ላይ ያለ አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከዚህ ብዙም አይለይም። ስለዚህ እኛ ቤታችን መግባት ማለት፣ በባቡርም ሆነ በአውቶቡስ፣ አውሮፕላን እንደመሳፈር ነው። ፈረንጆቹ የሚጽፉት ምክር ይህን አይነግራችሁም፣ እነሱ ቤታቸው ቆላ ነው። በረሃው በባሕሩና በመመለሻው መሐል ከገባ ግን ሰውነታችሁ የሚያርፍበት ቀን በራሱ ይገኛል። ወደ በረሃው የሚወስደው መንገድም ኮረብታ ስላለው ከመጨረሻው ዳይቭ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ከተማ ውስጥ ዋሉ፣ ዓሣ ብሉ፣ ተኙ።

ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። የገና ዕረፍት ልክ መሐሉ ላይ ይወድቃል። ባሕሩ ለብ ያለ ነው፣ ማታ በረሃው ላይ ሹራብ ቢጤ ያስፈልጋል። በእኛ ክረምት ግን አትሞክሩት። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ካምሲን የሚሉት አቧራ የተሸከመ ንፋስ ይነሳል፣ አቅም ያለው የአገሬው ሰው ራሱ ወደ እኛ አገር ይሸሻል።

መሄጃው ሁለት ነው። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ባቡሩ ከፉሪ ለቡ ተነስቶ በአዳማና በድሬዳዋ አድርጎ ናጋድ ጣቢያ ይደርሳል፣ ወደ 750 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቀኑን ይጨርሳል። እኔ ለመሄጃ ባቡሩን እመርጣለሁ፤ ደጋው ቀስ እያለ ሲደርቅ፣ ግራሩ ሲያጥር፣ ከድሬዳዋ በኋላ ደግሞ ግመልና ድንጋይ ብቻ ሲቀር ማየት ደስ ይላል። የሚነሳበት ቀን ስለሚቀያየር ግን ትኬት ሳትይዙ ሆቴል አትክፈሉ። ቪዛውንም አስቀድማችሁ ጨርሱ። ብር ተማምናችሁ አትሂዱ፣ ዶላር ያዙ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ አንድ ዶላር ወደ 178 ፍራንክ። ከተማዋ ውድ ናት፣ እቅጩን ልንገራችሁ፤ ውሃ እንኳ ስትገዙ ልባችሁ ይደነግጣል። መኪናና ጀልባ የሚከራየው በሰው ሳይሆን በጠቅላላ ስለሆነ አራት አምስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ግን ይቻላል።

ቋንቋ አያስቸግርም። ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ነው የመንግሥቱ፣ መንገድ ላይ ሶማልኛና አፋርኛ ነው፣ አማርኛ የሚሰማ ግን በየምግብ ቤቱና በየሱቁ አለ። ይሄ አማርኛ ነው እኔን ጉድ የሠራኝ። የጀልባ ቦታ ለመያዝ የደወልኩለት ሰው በጥሩ አማርኛ «በሰባት ሰዓት ኑ» አለኝ። እኔ ምሳዬን በልቼ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ፣ በሰባት ተገኘሁ። ጀልባው ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። በእነሱ ሰባት ማለት በእኛ ከጠዋቱ አንድ ነው፣ አማርኛ ቢያወሩም ሰዓቱ የፈረንጅ ነው። «ፀሐይ ስትወጣ ነው ወይስ ከምሳ በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ።

ከሰዓት በኋላ ጉዳይ አትያዙ ደግሞ። ጫቱ ከእኛ አገር ተጭኖ ቀትር ላይ ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ ከተማው ይቀዘቅዛል። ሹፌር የምትፈልጉ፣ ዋጋ የምትነጋገሩ፣ ጠዋት ጨርሱ። ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው።

አሁን ወደ ባሕሩ። መጀመሪያ ቀን ሙሻ ደሴት ሂዱ። ከከተማው በጀልባ የሚኬድ ነው፣ ውሃው ጥልቅ ያልሆነበት፣ ኮራልና ትናንሽ ዓሣ ያለበት፣ ለጀማሪ የሚሆን ቦታ ነው። የደጋ ልጆች ነንና እውነቱን እናውራ፤ አብዛኞቻችን ዋና አንችልም፣ ወይም ሆቴል ገንዳ ውስጥ እግራችን መሬት እየነካ ነው የምንችለው። ችግር የለውም፣ ግን አትደብቁት። ጀልባው ላይ ስትወጡ «ዋና አልችልም» በሉና ላይፍ ጃኬት ልበሱ። ከመሄዳችሁ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ገንዳ ገብታችሁ ሁለት ነገር ብቻ ተለማመዱ፤ ፊታችሁን ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ በስኖርክል፣ ጫፉ ከውሃ በላይ በሚወጣ ቱቦ፣ በአፍ መተንፈስ፣ እና ሳትንቀሳቀሱ ተንሳፋችሁ መቆየት። ሌላው እዚያ ይመጣል። ጨዋማው ባሕር ከገንዳው በተሻለ ያንሳፍፋችኋል።

ቀጥሎ ዳይቪንግ። የመሞከሪያ ዳይቭ ለሚባለው የምስክር ወረቀት አያስፈልግም፣ አስተማሪው እየያዛችሁ ነው የምትወርዱት። ሕግ የሚባለው ነገር ጥቂት ነው። አየር አትያዙ፣ ሁልጊዜ ተንፍሱ፣ በተለይ ወደ ላይ ስትወጡ። ጆሯችሁ ሳያማችሁ በፊት አፍንጫችሁን ጨምቃችሁ በቀስታ ንፉ፣ በየሜትሩ። ካልተከፈተ ትንሽ ወደ ላይ ተመለሱ፣ በግድ አይሆንም። ጉንፋን ከያዛችሁ ደግሞ ዕለቱን ተዉት፣ ገንዘቡ ቢቃጠልም ይቃጠል፣ ጆሮ ይበልጣል። ትምህርቱን የጨረሰ ሰው በመጀመሪያው ደረጃ እስከ 18 ሜትር ይወርዳል። ልምድ ያላቸው ባብ ኤል መንደብ አጠገብ ያሉትን ሰባቱ ወንድማማች ደሴቶች ያነሱላችኋል፤ እዚያ ሞገዱ ኃይለኛ ነው፣ ለእኔና ለእናንተ አይደለም።

ዋናው ግን ዌል ሻርክ ነው። አርታ የባሕር ዳርቻ አካባቢ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ በእነዚህ ወራት ይመጣሉ። ሻርክ ስለተባለ አትደንግጡ። በዓለም ትልቁ ዓሣ ነው፣ ምግቡ ግን ፕላንክተን የሚባሉ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። እዚያ የሚመጡት ገና ያልጎረመሱት ናቸው፣ አብዛኞቹ ከሦስት እስከ ስድስት ሜትር፤ ሲያድጉ ከ12 ሜትር ያልፋሉ። ለማየት ዳይቪንግ አያስፈልግም፣ ስኖርክል ይበቃል፣ ምክንያቱም የሚበሉት ውሃው ፊት ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ እወቁ፤ አይጠብቅም። ቀስ ብሎ የሚሄድ ይመስላችኋል፣ ትከተሉታላችሁ፣ በሁለት ደቂቃ ትንፋሻችሁ ያልቃል እሱ ግን ጅራቱን ሦስቴ እንኳ አላወዛወዘም። አትከተሉት፣ ከፊቱ በጎን በኩል ቁሙና ይለፍ። አትንኩት። ከጅራቱ ራቁ። የመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩበት ጀልባ ነጂ ሞተሩን እያስጮኸ አንዷን ዓሣ ሲያሳድዳት ቆየና ጠልቃ ጠፋች፣ ከእኛ ጋር የነበሩት ሁለት ልጆች ሳያዩ ተመለሱ። ስለዚህ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት «ዓሣው አጠገብ ስንደርስ ሞተር ታጠፋለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ሳቅ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

«ጥቁር ነኝ፣ ፀሐይ አያቃጥለኝም» የምትሉ ወገኖቼ፣ እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ሁለት ሰዓት በደረቴ ተንሳፍፌ ዓሣ ሳይ ጀርባዬና የጉልበቴ መታጠፊያ ተልጦ ሦስት ቀን በሆዴ ተኛሁ። እጅጌ ያለው ካናቴራ ለብሳችሁ ግቡ። ዋና ልብስ በጀልባና በባሕር ዳርቻ ችግር የለውም፣ ከተማ ውስጥ ግን ሸፈን በሉ፣ የሙስሊም አገር ነው። ወደቡንና የጦር ሰፈሮቹን ፎቶ አታንሱ። የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የቻይና፣ የጃፓን፣ የጣሊያን ጦር እዚያች ትንሽ አገር ውስጥ አለ፣ ስልካችሁን ያስረክቧችኋል።

በዕረፍቷ ቀን የየመን ዓሣ ብሉ። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ ይዘረጋና በርበሬ ተቀብቶ እንደ ቂጣ ምድጃው ግድግዳ ላይ ይጠበሳል። ከትልቅ ስስ ዳቦ ጋር በእጅ ነው የሚበላው። እኔ በሁለቱም ጉዞዬ እንደዚያ ያለ ነገር አልቀመስኩም። እንጀራ የናፈቀው ደግሞ የኛ ምግብ ቤት ሞልቷል።

በረሃው ሁለት ሐይቅ ነው። አሳል በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይሆናል፣ ከከተማው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ። እስከ መገንጠያው ድረስ የምታዩት የኛን ተሳቢዎች ነው። ከዚያ ጥቁር ላቫ፣ ከዚያ ከላይ ሆናችሁ ጉቤት የሚባለውን ባሕር፣ ከዚያ ቁልቁል። አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፣ ከአፍሪካ መሬት ሁሉ ዝቅተኛው። ከባሕሩ የሚለየው ጥቂት ኪሎ ሜትር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብቻ ስለሆነ የባሕሩ ውሃ በድንጋዩ ስንጥቅ ሰርጎ ይገባል፣ ፀሐይዋ ታተነዋለች፣ ጨው ይቀራል። ከባሕር አሥር እጥፍ ይጨማል። መሐሉ ላይ ያለው አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ የፈነዳው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፣ ላቫው ትናንት የፈሰሰ ይመስላል። ጫማ ሳታወልቁ ግቡ፣ ጨው ምላጭ ነው። ዓይናችሁን አትንኩ። ቁስል ያለበት አይሞክረው። አምስት ሊትር ጀሪካን ንጹሕ ውሃ መኪናው ላይ ጫኑ፣ ሳትታጠቡ ከተቀመጣችሁ ጨው ቀጥ አድርጎ ያደርቃችኋል። የአፋር ልጆች ድቡልቡል ጨውና ጨው የለበሰ የፍየል ራስ ቅል ይሸጣሉ፤ ራስ ቅሉን ማን እንደሚገዛ አልገባኝም።

አቤ ሐይቅ ማደር ይፈልጋል። በዲክሂል በኩል ነው፣ መንገዱ ከዚያ ወዲያ መንገድ አይባልም፣ ላንድ ክሩዘርና ቦታውን የሚያውቅ ሹፌር ግድ ነው። አመሻሽ ላይ ድረሱ። ሜዳው ላይ እንደ ጭስ ማውጫ የቆሙ የኖራ ድንጋይ ማማዎች አሉ፣ አንዳንዶቹ እስከ 50 ሜትር ይደርሳሉ። ድሮ ሐይቁ ሰፊ በነበረ ጊዜ ከሥር የሚወጣው ፍል ውሃ ከሐይቁ ውሃ ጋር ሲገናኝ የሠራቸው ናቸው። አሁንም ከሥራቸው እንፋሎት ይወጣል። የሚፈላ ውሃ አለና ልጅ እጁን ያዙት፣ ወደ ሐይቁ ስትጠጉም አፋሩ የረገጠውን ብቻ ርገጡ፣ ጭቃው እግር ይውጣል። ሌሊቱን የአፋር ጎጆ ውስጥ ታድራላችሁ። ነጠላ ወይም ሽርጥ ያዙ፣ ለአቧራም ለብርድም ይሆናል። ባትሪ፣ ለአንድ ሰው በቀን ከአራት ሊትር ያላነሰ ውሃ፣ ቴምር። ሌላውን ተዉት።

በእኛ ሰዓት ከንጋቱ 11 ላይ ተነሱ። ፀሐይዋ በማማዎቹ መሐል ስትወጣ፣ ፍላሚንጎዎቹ ከሩቅ ሲነሱ፣ ፍየሎቹ በእንፋሎቱ ውስጥ ሲያልፉ። እና ይሄ ውሃ የማን እንደሆነ አስቡት፤ የአዋሽ ነው። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ፣ ቆቃን አልፎ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ባሕር ሳይደርስ እዚህ ነው የሚያልቀው። ያሳደረን አፋር ሻይ እየቀዳ ከየት እንደመጣን ጠየቀን። ከአዲስ አበባ አልነው። እሱ ልጅ እያለ ሐይቁ እስከየት ይደርስ እንደነበር በእጁ አሳየንና «ውሃችንን መንገድ ላይ የምታስቀሩት እናንተ ናችሁ» አለ፣ እየሳቀ። በአዋሽ ውሃ የሚለማውን ሸንኮራና ጥጥ አሰብኩ። ሻዩ ላይ ስኳር በዝቶበት ነበር።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ከዚያ ውጡ፣ ከዚያ በኋላ ብረት አይነካም።